ሙጋ፣ አለህ?

ሰኔ አጋማሽ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ፤
መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሲያስል፣ ሲያነጥስ፤
እኔ ከማሽኖቹ ፊት፣ ጃኬቴን ደርቤ፣
ወንበር ላይ ታጥፌ፣ ከስክሪኑ ቀርቤ።

ቁጥር መጥራት ቢታክተን ስም አወጣንላቸው፤
ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ሙጋ፤ የወንዝ ነው ስማቸው።
ከፊታቸው የቆመ አንድ አከፋፋይ አለ፤
አንሙት «የውሃ አባት» አለው፤ ስሙም በዚያው ዋለ።

የአንሙት አባት፣ ቡሬ ማዶ፣ ቦይ ያካፍሉ ነበር፤
ለአንዱ እስከ ረፋድ፣ ለአንዱ እስከ ማታ ጀንበር፤
በአንድ ጓል ይዘጋሉ፣ በአንድ እግር ይከፍታሉ፣
«ውሃ ዘመድ የለውም» እያሉ።

የእኛውም እንዲያ ነው፤ ተራ በተራ ይቀዳል፤
አንዱ ሲሞላበት
ፋታ ወዳለው ዞሮ ያፈስበታል።

የእኔ ሥራ ማየት ነው።
ገጹን ከፍቼ ሦስት መስመር አያለሁ፤
አረንጓዴ ሲሆን ዳቦዬን እበላለሁ፤
ቢጫ ሲሆን እቆማለሁ፤
ቀይ ሲሆን (እግዜር አያሳየኝ) አንሙትን እጠራለሁ።

በየአምስት ሰከንዱ አከፋፋዩ ይጠይቃል፦
«ጨሞጋ፣ አለህ?»
«አለሁ።»
«ተምጫ፣ አለህ?»
«አለሁ።»
«ሙጋ፣ አለህ?»
«አለሁ።»
ሌሊቱ እንዲህ ይነጋል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት የማዳበሪያ ምዝገባ ተከፈተ።
ከእነማይ፣ ከሸበል፣ ከደጀን፣ ከማቻከል፣
ስልክ የያዘ ሁሉ፣ ዘር ሳያልፍብኝ ሲል፣
አንድ ኩንታል ዩሪያ፣ ሁለት ኩንታል ዩሪያ፣
ስም ከነአያት፣ የማሳ ልክ፣ መታወቂያ፤
አንዱ ሳይወጣ ሌላው መጣ፤
መስመሩ እንደ ጮቄ ሽቅብ ወጣ።

ከሸበል እናትነሽ ደወለች፤
«ክቡ ይዞራል፣ አይገባም፤ ሰው ዝናብ ላይ ቆሟል» አለች።
አየሁ፤ ሦስቱም አረንጓዴ።
«ከእኛ በኩል ደህና ነው፤ ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት፤
ሳላውቅ ዋሸኋት።
ሁለት ገበሬ ተመዝግቦ ይሄዳል፤
ሦስተኛው ላይ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣
ደግሞ ሁለት ያልፋል፣
ሦስተኛው ይቀራል።

አንሙት መጣ። ዐይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ የትናንቱ ነው።
«አለህ?» አልኩት።
«አለሁ» አለኝ፤ ወንበሬን ሳበው።
ጥቂት ነካክቶ፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣
«ሙጋ ነው» አለ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ጥሎ፤
«አለህ ወይ ስንለው በር ላይ የቆመው ነው አለሁ የሚለን፤
ጓዳው ከፈረሰ ሰንብቷል፤ ጓዳውን መቼ ጠየቅን?»

ሙጋን ከተራው አወጣነው፤ ድርሻው ለሁለቱ ደረሰ፤
ተምጫ አቃሰተ፤ ጨሞጋ ዘጠና ነክቶ ተመለሰ።
ሸበል ደወልኩ። «ገባልን!» አለች እናትነሽ፤
ከኋላዋ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይንጫጫል።

ከዚያ ነው አንሙትን ያየሁት፤
ስኳር የሌለውን ሻይ ያማስላል።
የአባቱ ዐርባ ነገ ነው።
በዚህ ወር ስንቴ ጠየቅሁት? ስንቴ «አለሁ» አለኝ?
በር ላይ የቆመው ነው የመለሰልኝ።

የተረኞቹን ሰሌዳ ከፈትኩ፣ ስሙን ሰረዝኩት፣
በስሙ ቦታ የእኔን ጻፍኩት።
«በሁለት ማሽን? ብቻሽን? በዚህ ሳምንት?»
«የቡሬ መኪና ስድስት ሰዓት ይወጣል» አልኩት።
ሻዩን ሳይጠጣ ተነሳ።

ማታ ከቡሬ ጻፈልኝ፤
ቦዩን ጎረቤት ነው የከፈተው፣ አለኝ፤
ሙጋስ ተነሳ ወይ፣ አለኝ።
«ገና ነው።»
«አንቺስ? አለሽ?»
«አለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት።
ጨሞጋ ሰማንያ ላይ ነው፤ ጄኔሬተሩ ያስላል።
«ደክሞኛል» ብዬ ላክሁለት።